መደርደሪያው ከግድግዳው ወልቆ ባለቤቴ በትከሻው ይዞታል፣ ቶሎ በሉኝ!

የመንትዮቹ እናት
እባካችሁ ያለ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። ከልጆቹ ጋር ሆነን የሠራነው መደርደሪያ በአንድ ጎኑ ከነፊሸሩ (ብሎኑ ከሚገባበት ፕላስቲክ ጋር) ተነቅሎ ወጣ። በሌላው ጎን እስካሁን ይዟል፣ ግን እሱም መነቃነቅ ጀምሯል። ባለቤቴ ከሥር ገብቶ በትከሻው ደግፎታል፣ እኔ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ቀዳዳው ሰፍቷል፣ በምን ልድፈነው? ዛሬውኑ ተመልሶ መሰቀል አለበት። ነገ አያታቸው አዲሱን ቤት ልታይ ትመጣለች፣ ልጆቹ ደግሞ ካልተሰቀለ አንተኛም ብለው ቁጭ ብለዋል።

ብሎን ፈቺ
ባልሽን እዚያው በብሎን ምቺውና ሂጂ ተኚ። ከፊሸር በደንብ ይይዛል።

የክብሪቱ ሰው
ክብሪት እንጨት ሰባብረሽ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቂ፣ ፊሸሩን መልሰሽ ምቺ፣ ብሎኑን እሰሪ። አለቀ።

መሮና መዶሻ
መጀመሪያ አውርዱት። ቀዳዳው የትም አይሄድም።

የመንትዮቹ እናት
ማውረድማ ቢቻል መች እጠይቅ ነበር። ልጆቹ ከሸክላ አፈር የሠሯቸው እንስሳት ላዩ ላይ በኮላ ተለጥፈዋል። ኮላው አልደረቀም። ቅድም ትንሽ ሲያዘነብል ቀጭኔዋ ተንሸራታ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ በለቅሶ ተሞልቷል።

ተከራይ ነኝ
ይቅርታ ግን ግድግዳውን ከመብሳታችሁ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዳችኋል? ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ሲወጣ ከመያዣው ላይ ይቆረጥበታል። ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።

ብሎን ፈቺ
ሰውየው ትከሻው ላይ ጣውላ ተሸክሞ ውል ያንብብ? ፍርድ ነው።

ጥልፍ ወዳጅ
እህቴ፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው ያልተፈታ ካርቶን አያጣም። መጽሐፍ ያለበትን ከታች፣ ቀለል ያለውን ከላይ አድርገሽ ከመደርደሪያው ሥር ደርድሪ። አንዱን በዚህ ጫፍ፣ አንዱን በዚያ። የሚቀረውን ክፍተት በታጠፈ ብርድ ልብስ ሙይው። ከዚያ ባልሽ ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ሳያዘነብል እስከ ጠዋት ይቆማል፣ ኮላውም በሰላም ይደርቃል።

ለመሆኑ አፈሩ የሚተኮስ ነው ወይስ በአየር የሚደርቅ? በአየር የሚደርቅ ከሆነ ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ እንዳታስቀምጡት። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲከተል ይሰነጠቃል። የቀጭኔ አንገት ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ሥሩ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ከመጀመሪያው ቀጭን ሽቦ ውስጡ ቢገባ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ጋሼ ሲቪል
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ተረባረባችሁ እንጂ ግድግዳው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ፊሸር በራሱ ምንም አይይዝም። ብሎኑ ሲገባበት ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ዙሪያውን የሚገፋው ጠንካራ ነገር ካገኘ ብቻ ይነክሳል። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር የናይለኑን እ.ኤ.አ. በ1958 ካወጣው ወዲህ ለየግድግዳው የሚሆን ብዙ ዓይነት ተሠርቷል፣ እኛ ግን አሁንም አንዱን ገዝተን ሁሉም ቦታ እንመታዋለን። ኮንክሪትና ድፍን ጡብ ለተራው ፊሸር ይመቻሉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ድሪሉን በምት ላይ አድርጋችሁ ከበሳችሁት ከጀርባ ይሰባበርና ቀዳዳው ከፊት ትንሽ፣ ከኋላ ዋሻ ይሆናል። ስለዚህ ምቱን አጥፍታችሁ በማዞር ብቻ ብሱት። ልስኑ ደግሞ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ፊሸሩ ልስኑ ውስጥ ብቻ ከቀረ የያዘው ነገር የለም። 8 ሚሊ ሜትሩ ፊሸር ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊ ይረዝማል፣ መብሻውም 8 ሚሊ ይሁን። ቀዳዳው ከፊሸሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፣ አቧራውም እፍ ተብሎ ይውጣ። አሁን ደግሞ ወደ ክብደቱ ስንመጣ

ጋሼ ሲቪል
ሳልጨርስ ተላከ። ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ መደርደሪያ ወደ ታች ብቻ አይጎትትም፤ የላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ ይስበዋል። ጣውላው ወደ ፊት በሰፋ ቁጥር ስበቱ ይብሳል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጥ። የብረቱን ማዕዘን ስታስሩ ረጅሙ እግር ግድግዳው ላይ፣ አጭሩ ከጣውላው ሥር ይሁን። ብዙ ሰው ገልብጦ ያስረዋል።

ብሎን ፈቺ
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ግን ክፍል ሁለት እስኪመጣ ሰውየው አጥሯል።

የመንትዮቹ እናት
ካርቶኑ ሠርቷል፣ ተመስገን!! ባለቤቴ ተላቀቀ፣ ትከሻውን እያሸ ነው። ቤቱ የራሳችን ነው፣ አከራይ የለም። ጋሼ ግድግዳው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነጭ ነው።

ጋሼ ሲቪል
ነጭማ ቀለሙ ነው፣ ልጄ። ስትበሱ የወጣው ዱቄት ምን ዓይነት ነበር? ግራጫ ከሆነ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት፣ ቀይ ከሆነ ጡብ ነው። በጣትሽም አንኳኪው።

የመንትዮቹ እናት
ዱቄቱም ነጭ ነበር። ሲንኳኳ መስኮቱ ጋ ድፍን ድምፅ አለው፣ መደርደሪያው ያለበት ጋ ግን ባዶ ነው የሚመስለው።

የክብሪቱ ሰው
ክብሪት ሞክራችኋል?

ዳር ቆሜ ሳይ
እኔ አንድ ነገር ልበል? ለምን ይሰቀላል? ልጆቹ ራሳቸው ሠርተውታል፣ ራሳቸው ቀለም ቀብተውታል። ከዚያ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ሰቅላችሁ “ተመልከቱት” ልትሏቸው ነው። እኛም ቤት ስንቀይር ሁሉንም ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ለመጨረስ ስንሯሯጥ ኖረን፣ በኋላ አልጋው ዞረ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ ግድግዳው ወንፊት ሆኖ ቀረ። ልጅ አዲስ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱ የሆነ ጥግ ነው። ጣውላውን መሬት ላይ፣ ሁለት ጠንካራ ሳጥን ላይ አስቀምጡት። እንስሳቱን ሲፈልጉ ያንሷቸው። ክፍሉን ከለመዱት በኋላ የት እንደሚሰቀል ራሳቸው ይነግሯችኋል።

የመንትዮቹ እናት
ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ግን እየዳኸ የሚመጣ ታናሽ ወንድም አለ። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። መንትዮቹ እንዲሰቀል የፈለጉት ለዚህ ነው፣ “እሱ የማይበላው ቦታ” ነው ያሉት።

ብሎን ፈቺ
ቀጭኔዋን የሚበላ ልጅ ካለማ ጣሪያው ላይ ስቀሉት።

መሮና መዶሻ
ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፈሽ ቀዳዳው ውስጥ አስገቢ። ወዲያው ከነካ ድፍን ነው። ከ1 ሳንቲ ሜትር ትንሽ እንዳለፈ ባዶ ከሆነና ሽቦው ዝም ብሎ ከገባ ጂፕሰም ቦርድ ነው፣ ከጀሶ የተሠራው ስስ ሰሌዳ።

የመንትዮቹ እናት
ገባ ገባና ጠፋ።

መሮና መዶሻ
በቃ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጀርባው አየር ነው ያለው። ቀዳዳውን በጀሶ ብትደፍኚው፣ በክብሪት ብትጠቀጥቂው ተመልሶ ይወድቃል። ደፍነሽ ቀለም ቀቢውና እርሺው፣ እዚያው ቦታ ላይ አትመለሺ።

ቦርዱ የታሰረበት የብረት ወይም የእንጨት ቋሚ አለ። የሚበዛው ከመሐል እስከ መሐል 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቃል። ትንሽ ማግኔት ግድግዳው ላይ ቀስ እያደረግሽ ጎትቺ። ሳብ የሚያደርግበት ቦታ ቋሚው ላይ የተመታ ብሎን አለ፣ ከሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይም ወደ ታችም ሌላ ታገኛለሽ። በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ከመደርደሪያው ትንሽ የሚረዝም ሞራሌ (ወፍራም የእንጨት ዘንግ) ቋሚዎቹ ላይ በብሎን እሰሩ፣ መደርደሪያውን ሞራሌው ላይ። ድሮ የተበሳውንም ይሸፍንላችኋል። ልጆቹ ሞራሌውን ቀለም ይቀቡት፣ የመደርደሪያው አካል ይመስላል።

ቋሚው የማይመች ቦታ ከሆነ ከጀርባ እንደ ክንፍ የሚከፈተውን የጂፕሰም ቦርድ ማሰሪያ ግዙ። እሱን ከተጠቀማችሁ ግን የልጆቹን እንስሳት ብቻ ጫኑበት። መጽሐፍ አይሞከርም። አንድ ሜትር መጽሐፍ ጥቅጥቅ ብሎ ሲደረደር ከ20 ኪሎ ይበልጣል።

ከሥሩ ማብሪያ ወይም ሶኬት ካለ ከሱ ቀጥታ ወደ ላይ አትብሱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው በዚያ መስመር ሊሄድ ይችላል። እስካሁን የያዘውን ጎንም አትመኑት፣ ያው ግድግዳ ነው። እና ይህን ዛሬ ማታ አትጀምሩ።

ጥልፍ ወዳጅ
መደርደሪያው ከአልጋ በላይ ነው እንዴ? ከሆነ ቦታ ይቀየር። በምንም ቢታሰር ልጅ የሚተኛበት ላይ ከባድ ነገር አይሰቀልም።

ሌላው ኮላው ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ ሙሉ ጥንካሬው ላይ እስኪደርስ 24 ሰዓት ስጡት። ደግሞ በቀለሙ ላይ ከለጠፋችኋቸው ኮላው የያዘው ቀለሙን እንጂ እንጨቱን አይደለም፤ ቀለሙ ሲላቀቅ አብረው ይወድቃሉ። ከእያንዳንዱ እንስሳ እግር ሥር ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አንስታችሁ ብትለጥፉ ይሻላል። ወይም ጭራሽ አትለጥፉ፣ ከፊት ለፊቱ ቀጭን ጠርዝ ምቱለትና እንስሳቱ እንዲሁ ይቁሙ። ልጆቹ ሲፈልጉ ያወርዷቸዋል፣ ያኔ ከላይ የተባለውም ሐሳብ ይሟላል።

ዳር ቆሜ ሳይ
ጠርዙን ወደድኩት።

የክብሪቱ ሰው
እኛ ቤት በክብሪት የተሰቀለ ስዕል አለ፣ ስንት ዓመቱ። ሁሉን ነገር አታካብዱ።

መሮና መዶሻ
ስዕል ነዋ። ግድግዳውም ድፍን ይሆናል።

የክብሪቱ ሰው
ግድግዳው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይዟል።

ጋሼ ሲቪል
የመንትዮቹ እናት፣ መደርደሪያው ከአልጋ በላይ ነው ወይ የሚለውን አልመለስሽም።

ብሎን ፈቺ
ተኝተዋል ጋሼ። ወይ ካርቶኑ ተደርምሷል።

ጥልፍ ወዳጅ
አያቲቱ መጥታ ይሆናል። የቀጭኔዋን ነገር ብትነግሪን ደስ ይለናል፣ አንገቷ ተርፏል?

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ይህን ፈልጌ ነው የገባሁት። እኛም ቤት ቀይረናል። ፍሬሙን ራሴ ከአሮጌ በር እንጨት የሠራሁለት ትልቅ መስታወት አለኝ፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ግድግዳው እንደዚሁ ባዶ ድምፅ አለው። በዚህ በክንፍ የሚከፈተው ይይዘዋል?

ጋሼ ሲቪል
ሁለት ሰው የሚያነሳው ከሆነ አትስቀለው። መሬት ላይ አቁመህ ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት ጎማ ነገር አንጥፍበት። ከዚያ ፍሬሙን ከላይ በሁለት ቦታ በጠፍጣፋ ብረት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ከቋሚው ጋር እሰረው። ቋሚውን በማግኔት ፈልግ፣ ቦርዱ ላይ ብቻ እንዳታስረው። ልጅ ጠርዙን ይዞ ቢንጠለጠልበት ወደ ፊት እንዳይመጣ ነው። የአሮጌው በር ቀለም የቆየ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍገው፣ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው።