በጾም ወቅት ከአማቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ደሴው የምግብ ባዛር፦ ማዕዱን እንዴት አንድ እናድርገው?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በመጪው ቅዳሜ ደሴ ላይ በሚካሄደው የባህል ምግብ ባዛር ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ለመዋል አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ሙስሊሞች ስንሆን አማቴ ግን ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው፤ እንዲህ ያለው ቤተሰብ በወሎ እንግዳ ስላልሆነ ነገሩን በቀላሉ እንደምትረዱልኝ አምናለሁ። ወሩ ታኅሣሥ በመሆኑ የነቢያት ጾም ላይ ናቸው፤ በዚህም ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ሲቆዩ አያለሁ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ ተገኝተን እኛ ሥጋ ስንበላ እርሳቸው ጥግ ይዘው ቆሎ ሲቆረጥሙ ዋሉ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ዘንድሮ ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን እንድንበላ እፈልጋለሁ። እርሳቸው ሳይራቡ፣ ልጆቹም ሳይጉላሉ ይህን ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

መልስ፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ

ወንድሜ፣ አሳብዎ ደስ ያሰኛል። እኔ በእንዲህ ያሉ ባዛሮች ላይ ምግብ አቅርቤ ስለማውቅ ካየሁት ልንገርዎ። የጾሙን ምግብ የአማትዎ ብቻ አድርገው አይዩት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ስጋት ይበላዋል፤ የሚለየን የሥጋው መባረክ እንጂ ሽሮው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ በየዓይነቱ በአንድ ትሪ አቅርበው አብራችሁ ብሉ፤ ልጆቹን ሥጋ ካሰኛቸው ኋላ ከሙስሊም ሻጭ ለብቻቸው ይገዛላቸዋል።

ከባዱ ነገር ጭልፋው ነው። ግፊያ ሲበዛ ጥብሱ ድስት ውስጥ የገባ ጭልፋ ተመልሶ ሽሮው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለእናንተ የሃይማኖት፣ ለእርሳቸው የጾም ጉዳይ ነውና ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። የጾም ብቻ ከምታቀርብ ሴት ቢገዙ ይሻላል፤ ቁሌቱ በዘይት መሆኑንም ሳያፍሩ ይጠይቋት። ለመጠጥ ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይበቃል፤ ብርዙ ግን ሲቆይ ስለሚፈላ የዕለቱ መሆኑን ያረጋግጡ።

መልስ፣ ከሆጤ

እኅታችን የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሰዓቱ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ልደት ዋዜማ የሚዘልቅ ቢሆንም፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ፣ እንከለከላለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህል ውኃ አንከለከልም፤ ከዚህ የምትለየው የትንሣኤ ዋዜማ የሆነችው ቀዳም ሥዑር ብቻ ናት። ስለዚህ አማትዎ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ከሆነ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ መመገብ ይችላሉ፤ እርሳቸውን ጠብቃችሁ የልጆቹን ምሳ ማሳለፍ አያስፈልጋችሁም። የተለየ ስእለት ወይም ከንስሐ አባታቸው የተሰጣቸው ነገር ካለ ግን ራሳቸውን ጠይቋቸው።

መልስ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከደሴ

ስለ ምግቡ የሚበቃ ተነግሯል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎ ጠመዝማዛ ልጆችን ያስታውካል፤ ስለዚህ ሆዳቸውን ሞልታችሁ አትነሡ። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለለመዳችሁ ለአማትዎ ጋቢ፣ ለልጆቹ ሹራብ መያዝን እንዳትረሱ፤ በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ፀሐይዋ ዘወር እንዳለች ይጀምራል። ጭጋግ ሐረጎ ላይ ሳይዛችሁም በጊዜ ተመለሱ። ጥሬ ሥጋ በድንኳኖቹ ሊቀርብ ይችላል፤ ኮሶ ስለሚያስይዝ ለልጆች ባይሰጥ እመርጣለሁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ስላሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ አማትዎ ለልጆቹ እንዲያወሩላቸው ይጠይቋቸው። ግብር ይበላበት የነበረ አዳራሽ ነው፤ ስሙንም ልጆቹ ከአያታቸው አፍ ቢሰሙት በምግብ መካከል ለሚውሉበት ቀን የሚስማማ ይመስለኛል።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የሆጤውን ወንድማችንን መልስ እንዳነበብኩ አማቴን ጠየቅኋቸው፤ «ቅዳሜማ ከጥሉላት ብቻ ነው ልጄ፣ እህሉን መች ተከለከልኩ» አሉኝ። ለካ ባለፈው ዓመት ቆሎ የቆረጠሙት ሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ ሳይሆን፣ የቀረበላቸው ሽሮ ቅቤ እንደነካው ከሽታው ስላወቁና እኛን ማስጨነቅ ስላልፈለጉ ኖሯል። ስለዚህ አምስት ሰዓት ላይ ደርሰን ጥቂት ተዘዋውረን፣ ዙሁር ከሰገድን በኋላ አንድ ላይ ለምሳ እንቀመጣለን። አሁን የቀረኝ የጾም ብቻ የሚያቀርቡ ሴቶች በየትኛው በኩል እንደሚሰለፉ ማወቅ ነው፤ ዓርብ ዕለት ድንኳን ሲተከል የሚያልፍ ሰው ካለ አይቶ ቢጽፍልኝ ውለታው ትልቅ ነው።