የቃጃር የራስ ቁር ሐሰተኛ ነው ወይስ አይደለም?

ዕቃ ወዳድ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ጨረታ ላይ የጭራቅ ፊትና ሁለት ቀንድ ያለው የፋርስ የራስ ቁር «የሻህ አባስ ዘመን የጦር ትጥቅ» ተብሎ ቀርቧል። የዚህ የፋርስ ንጉሥ ስምም ብረቱ ላይ ተጽፏል። ሻህ አባስ የሞተው በ1629 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይሄ ግን በእኔ ዓይን የ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኋላ ፋርስን የገዛው የቃጃር ሥርወ መንግሥት ዘመን ሥራ ነው። ሐሰተኛ እንበለው?

ቁርጡ፦ አዎ! ሻጩ ዋጋ የሚቆልለው በንጉሡ ስም ነው። ሰው እየተታለለ «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ አይሆንም።

የለንደኗ፦ ተው ወንድሜ፣ ሁለቱን አታደባልቅ። የዋሸው መግለጫው ነው፣ ዕቃው ምን አጠፋ? ቃጃሮች ከ1789 እስከ 1925 ሲገዙ ጦርነቱ በጠመንጃ ሆኗል፣ ጥሩር (የብረት ልብስ) ለብሶ የሚዘምት እየጠፋ ነበር። አንጥረኞቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፦ ለቤተ መንግሥት ሰልፍ፣ በሙሐረም ወር ለሚታየው የነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጅ የሑሴን ሰማዕትነት ትርዒት፣ ለአውሮፓ ገዢም ይሠሩ ነበር። ቴህራን የቴሌግራፍ ኃላፊ የነበረው ሮበርት መርዶክ ስሚዝ ለዛሬው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የፋርስ ዕቃ ሲገዛ በዘመኑ የተሠራውንም ገዝቷል። ያን ሁሉ ሐሰተኛ ልትለው ነው?

ቁርጡ፦ ስሙን የጻፈው አንጥረኛው ራሱ ቢሆንስ?

የለንደኗ፦ ቢሆንም የራሱ ዘመን ሥራ ነው፣ በዘመኑ ይጠራ። የዚያ ንጉሥ ስም ከሱ በኋላ በተሠራ ስንት ብረት ላይ ተጽፏል! ጽሑፉን ብቻ አይቶ ዘመን መቁረጥ ነው ስህተቱ።

ብረት ሠሪ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ብረቱን እንይ። ከቁሩ ግርጌ የሚንጠለጠለው የቀለበት መረብ ብዙ ይናገራል። ለውጊያ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ቀለበት ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ በትንሽ ምስማር ይመታል። ለጌጥ የተሠራው ግን የቀለበቶቹ ጫፎች ገጥመው ብቻ ይቆማሉ፣ ጠንከር ብሎ ከተጎተተ ይከፈታል። ቀጥሎ ብረቱ ላይ የተቀረጸው መስመር። በመቅረጫ የተቆፈረ መስመር ጥልቅና ቀጭን እያለ ይሄዳል፤ በጌጡ ሥራ የሚበዛው በአሲድ የተበላው ግን ጥልቀቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ወለሉም ሻከር ይላል። የጌጡ ብረት ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ግን አንዱን ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ፣ መረቡ በኋላ የተቀየረ ሊሆን ይችላል።

ቁርጡ፦ እሺ፣ ዕቃውን ሐሰተኛ ማለቱን ትቻለሁ። መግለጫው ግን ይታረም፣ ዋጋውም አብሮ ይውረድ። ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ዕቃ ወዳድ፦ በዚህ ተስማማን። የቀለበቶቹን የቅርብ ፎቶና የቁሩን ውስጥ እንዲልኩልኝ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። እንደመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።