ለመልካችሁ የሚሄደውን ቀለም የት ብትመርጡ ይሻላል? ከሽሮ ሜዳ እስከ መርካቶ ዞረን ያገኘነው

የእህቴ ልጅ ለመልሷ የምትለብሰውን ለማሠራት ስትነሣ «አክስቴ፣ ለእኔ መልክ የትኛው ቀለም ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አንድ ጥሩ ሱቅ ብጠቁማት የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሽሮ ሜዳን፣ ቸርችል ጎዳናን፣ መርካቶንና ቦሌ መንገድ ላይ ያሉ ቡቲኮችን ካዳረስን በኋላ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው፤ ጨርቁን ይዛችሁ ደጅ እንድትወጡ የሚፈቅድላችሁ ሻጭ፣ ስለ ቀለም ብዙ ከሚያወራው ሻጭ ይበልጣል። ያየናቸውን ቦታዎች የማወዳድረውም በዚሁ መለኪያ ነው።

አስቀድሞ ስለ መልክ ጥቂት ልበል። ሰውን ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን ስንጠራ የምንናገረው በአመዛኙ ቆዳው ምን ያህል እንደቀላ ወይም እንደጠቆረ ነው፤ ለልብስ ምርጫ ግን ከዚያ ሥር ያለው ውስጠ ቀለም፣ ማለትም ፊት ወደ ወርቃማ ቢጫ ያደላል ወይስ ወደ ሮዝና ወደ ሰማያዊ የሚለው፣ ያንኑ ያህል ይወስናል። የቆዳን ቀለም የሚሠሩት በዋናነት ሜላኒንና በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሲሆኑ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የምናገኘው ካሮቲንም ቢጫነት ይጨምርበታል። የእነዚህ ድርሻ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ከሁለት ጠይም እህትማማቾች አንዷ የሰናፍጭ ቢጫ ለብሳ ስትፈካ ሌላዋ በዚያው ልብስ ታማ የተነሣች ልትመስል ትችላለች። ከራሳችን ቃላት ውስጥ ወደ ውስጠ ቀለም የሚጠጋው «ቀይ ዳማ» ይመስለኛል፤ ዳማ የፈረስ መልክም ስም ነውና ቅላቱን ከነቡናማነቱ ይይዘዋል።

የእጅ አንጓን ገልብጦ የደም ሥሩ አረንጓዴ ከመሰለ ወደ ወርቃማው፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከመሰለ ወደ ሮዝማው ነው የሚባለው ፈተና ጠቆር ላለ ቆዳ ብዙም አይረዳም፤ የደም ሥሩ በግልጽ አይታይምና። እኛ ቤት የሠራው የእናቷ የወርቅ ሐብልና የአያቷ የብር መስቀል ነው። ተራ በተራ አንገቷ ላይ አድርገን መስኮት አጠገብ ስናያት፣ በወርቁ ፊቷ ፈካ፤ በብሩ ደግሞ ዓይኗ ሥር ያለው ጥላ ጎልቶ ወጣ። ሁለቱም እኩል የሚያምሩበት ሰው መካከለኛ ነውና እንደ እኛ ሦስት ቅዳሜ መዞር አያስፈልገውም።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሽሮ ሜዳ ነው። ብዙዎቹ ሱቆች ልብሱን ደጃቸው ላይ ስለሚሰቅሉ ያለ ልመና በቀን ብርሃን ታዩታላችሁ። የሀገር ልብስ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ስለ ጥለቱ ቀለም ሲጨነቅ ነጩን ይረሳዋል፤ ከፊት አጠገብ በስፋት የሚያርፈው ግን ነጩ ነው፣ ነጭም አንድ ዓይነት አይደለም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ወተት፣ አንዳንዴም ወደ ክሬም ያደላል። የፋብሪካ ክር ግን ብዙ ጊዜ ማንጫ ኬሚካል የገባበት ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ስለሚመልሰው ጨርቁ ሰማያዊ ሰማያዊ የሚል፣ የሚያበራ ነጭ ይሆናል። ልጅቱን አንድ ሱቅ በር ላይ አቁመን በቀኝ ትከሻዋ የፈትል ነጠላ፣ በግራዋ የማሽን ክር ነጠላ ጣል አደረግንላት። በግራ በኩል ጉንጯ አመድ የነካው መሰለ፤ በቀኝ በኩል ግን ከእንቅልፍ ጠግባ የተነሣች ትመስል ነበር። ሻጯ ሳትጠየቅ «የቀኙ ነው የእሷ» አለች፤ የቀኙ ውድ መሆኑን ስሰማ ግን ምክሩን ትንሽ ተጠራጠርኩት። ሸማኔዎች ብዙ ጊዜ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከፈትል ስለሚያደርጉት «ፈትል» የተባለ ሁሉ እኩል ወተት አይመስልም፤ ስለዚህ በስሙ ሳይሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ምረጡ።

በጥለቱ ላይ ደግሞ አንድ የቆየ ታሪክ ይረዳል። ፓሪስ የሚገኘው የጎብላን ሽመና ፋብሪካ የቀለም ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሸቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ሲቀርብለት ማቅለሚያውን መርምሮ ምንም እንከን አጣበት፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ይህንን ጥናቱን በ1839 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትሞታል። ፊታችንም ከአንገት ጥለት አጠገብ እንዳለው ክር ነው፤ ቀይ ጥለት አንገት ሥር ሲያርፍ ቆዳውን ወደ አረንጓዴነት ይገፋዋል፣ አረንጓዴ ጥለት ደግሞ ቅላቱን ያጎላዋል። ለዚህ ነው በጣም የምትወዱት ግን ፊታችሁን የሚጎዳው ቀለም ከአንገት ወርዶ በቀሚሱ ጫፍ ቢሆን ምንም የማይጎዳው፤ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ጋር አስቀድሞ ከተነጋገሩ ይህን እንደፍላጎት ማሠራት ይቻላል።

ቸርችል ጎዳና ላይ ዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት የባህል ዕቃ ሱቆች ለስጦታ ጥሩ ናቸው። ለዚህ ጉዳይ ግን እኛ የገባንባቸው ወደ ውስጥ የጠለቁና ጨለምለም ያሉ ስለነበሩ ሁለተኛ አልተመለስንም።

መርካቶ በጨርቅ ዓይነት የሚስተካከለው የለም። አንድ አረንጓዴ ስትጠይቁ ከወይራ እስከ ጎመን ድረስ ይደረደርላችኋል። ችግሩ መተላለፊያዎቹ ጠባብና የተሸፈኑ መሆናቸው፣ ሻጩም «ይሄ ለጠይም ነው የተሠራ» እያለ ማጣደፉ ነው፤ ጠይም ላለችውም ቀይ ለሆነውም ያንኑ ሲል ሰምቼዋለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ግርግሩ ሳይበረታ ሄዳችሁ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ እንዲሰጣችሁ ለምኑ፤ ቁራጩን ቤት ወስዳችሁ በመስኮት ብርሃንም በአምፖልም አገጫችሁ ሥር ይዛችሁ እዩት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ በሜትር ግዙ። ልብስ ሰፊያችሁን አብራችሁ ብትወስዱ ደግሞ ይመረጣል፤ የእኛው ሰፊ ጨርቁን ሳይሆን ልጅቱን እያየ «ኮሌታውን በሌላ ቀለም ላድርገው» ማለቱ የአንድ ሙሉ ልብስ ዋጋ አትርፎልናል።

ቡቲክን በተመለከተ የራሴን ጉዳት ልናገር። ባለፈው ዓመት ከአንድ ቡቲክ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀሚስ ገዝቼ ደጅ ስወጣ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት፤ ቢመለስልኝ ብዬ ብለምን «ያው እኮ ነው» ተባልኩ። ልክ ነበሩ፣ ጨርቁ ያው ነው። ነገር ግን አምፖሎች እንደ ፀሐይ ሁሉንም ቀለማት በእኩል አያወጡም፤ በአንዱ ብርሃን አንድ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ የመልበሻ ክፍሉ መስታወት ስለ ልብሱ ልክ የሚነግራችሁን እመኑት፣ ቀለሙን ግን በሩ ላይ እዩት። ወደ በር መውጣት የሚከለክል ቡቲክ ልብሱ ምንም ቢያምር ከእኔ ዝርዝር ውስጥ የለም።

በቴሌግራም የሚሸጡት ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ቤት ድረስም ያመጣሉ። የስልክ ካሜራ ግን ነጩን ነጭ ለማስመሰል ቀለሙን በራሱ ስለሚያስተካክል በፎቶ ላይ መተማመን አይቻልም፤ ሻጩን ልብሱን ከነጭ ወረቀት ጋር ደጅ ላይ አንሥቶ እንዲልክ ጠይቁት። በራስ ፎቶ መልክን አይተው ቀለም የሚመርጡ የስልክ መተግበሪያዎችም በዚሁ ምክንያት ጠዋትና ማታ የተለያየ መልስ ሰጥተውናል።

በቀለሞቹ ላይ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ጥቁር መልክ ያለው ሰው ደማቅ ሰማያዊና የሎሚ ቢጫ ሳይፈራ ይልበስ፤ ከቆዳው ጋር የሚመሳሰል ቡናማ ግን ፊቱን ይውጠዋል። ወርቃማ ውስጠ ቀለም ያላት ጠይም የጡብ ቀለም፣ ሰናፍጭና ወይራ ያምርባታል፤ ወደ ሮዝ የምታደላዋ ወይን ጠጅና ጥቁር ሰማያዊ ትሞክር። ቀይ የሆነ ሰው ከአሸዋ ቀለም ይራቅ፤ ልብሱና ፊቱ ይቀላቀላሉ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ወተት የሚመስለውን ፈትል፣ ከአንገቱ ላይ ወርቃማና የጡብ ቀለም ጥበብ ያለበት አድርጋ ሽሮ ሜዳ አሠራች። ከልጅነቷ የምትወደው ሐምራዊም አልቀረ፤ ከታች ከጫፉ ላይ በአራት ጣት ስፋት ገብቷል።