ግቢያችን ያለው ዛፍ በእርግጥ አርዘ ሊባኖስ ነው?

የቢሾፍቱዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የተከራየነው ቤት አጥሩ ጥግ ላይ አንድ ረጅም ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ስንዝር ያህል ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ፍሬው ከሽምብራ ትንሽ ይበልጣል፣ እንጨት ሆኖ ደርቋል፣ ዙሪያውን ጥቃቅን አፍ ከፍቷል። በባዶ እግር የረገጠው ያውቀዋል! አከራያችን "ጥድ ነው" ይላሉ። እናቴ ደግሞ "አርዘ ሊባኖስ ነው" ብላ ቅርንጫፍ እንኳ አታስነካም። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ የሐበሻ ጥድ ፍሬ ለስለስ ያለች ሰማያዊ እንክብል እንደሆነች አውቃለሁ። ይሄ አይደለም።

አቤል፦ ፓቱላ የሚሉት የውጭ አገር ጥድ ነዋ። የሱም ቅጠል ይንጠለጠላል።

ጡረተኛው፦ ፓቱላ ቢሆን ቅጠሉ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ እግር ይወጣል፤ ፍሬውም የጣት ርዝመት አለው። እህቴ፣ እስቲ አንዷን ክር ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ሳቢያት።

የቢሾፍቱዋ፦ ጋሼ፣ እንደ ሸንበቆ አንጓ አላት! አንጓዋ ላይ ቷ ብላ ተለያየች። በልጄ አጉሊ መነጽር ሳየው ዙሪያውን ስምንት ጥቃቅን ጥርሶች አሉ።

ጡረተኛው፦ እንግዲያው ሸውሸዌ ነው፣ ካዙዋሪና። ቅጠሎቹ እነዚያ ጥርሶች ናቸው፤ ክር ያልሽው ቅርንጫፍ ነው። መልኩ ጥድ ይምሰል እንጂ ከጥድ ወገን አይደለም፤ አበባ ያብባል። አገሩም ወደ አውስትራሊያ ነው። በእናትሽ ግን አትፍረጂ፤ በእኛ አገር አርዘ ሊባኖስ ተብሎ የሚጠራው እሱው ነው። የሊባኖሱ ዛፍ ሌላ ነው፤ መርፌዎቹ በአጭር ጉጥ ላይ እንደ ብሩሽ ተሰብስበው ይወጣሉ፣ ፍሬውም ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና እዚያው ይበታተናል እንጂ ሙሉውን አይወድቅም። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ "የሊባኖስ ዝግባ" ብሎታል፤ የእኛ ዝግባ ግን ሌላ ነው። በአንድ ስም ስንቱን ዛፍ አጨናነቅነው!

አቤል፦ እኔም እጄን ሰጠሁ።

የቢሾፍቱዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እናቴን ማታ አስረዳታለሁ፤ የመስማቷን ነገር እንጃ። አንድ ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ ነክቷል፣ መቼ ብንገርዘው ይሻላል?

ጡረተኛው፦ ሽቦ ከነካ እናንተ አትጠጉት። ነገ ጠዋት መብራት ኃይል ደውሉ።