«ናፖሊዮን» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልም ዛሬ እንዴት እንመልከተው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ፈረንሳዊው አዘጋጅ አቤል ጋንስ እ.ኤ.አ. በ1927 ለሕዝብ ያቀረበውን «ናፖሊዮን» የተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ከጓደኞቼ ጋር በፕሮጀክተር ለማየት አስበናል። ነገር ግን ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ቅጂ አስቀድሜ ስመለከተው፣ ሰዎቹ የሚራመዱ ሳይሆን የሚሮጡ ይመስላሉ፤ የተደረበበት የፒያኖ ሙዚቃም ጦርነቱንና ኀዘኑን ሳይለይ በአንድ ስልት ይቀጥላል። ታላቅ ሥራ መሆኑን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሆኖም በዚህ መልኩ ባሳያቸው ጓደኞቼ ገና ከመጀመሪያው ይሰለቻሉ ብዬ እሰጋለሁ። ከመካከላችን የውጭ ቋንቋ አቀላጥፈው የማያነቡም አሉ። የዛሬ ተመልካች ይህን ፊልም በሚገባው ክብር እንዲያየው ምን ማድረግ ይቻላል? ከአምስት ሰዓት በላይ የሚወስድ ስለሆነ ከፋፍሎ ማየትስ ይጎዳዋል?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ያስቸገረዎት ፊልሙ ሳይሆን ቅጂው ነው። በድምፅ አልባው ዘመን አንድ ወጥ ፍጥነት አልነበረም፤ በሰከንድ 24 ምስል የሚለው ደንብ የጸናው ድምፅ ከመጣ በኋላ ነው። ይህ ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 20 ምስል መታየት ያለበት ሲሆን፣ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው ሁሉ በአንድ አምስተኛ ይፈጥናል። ንጉሥም ሆነ ወታደር በዚያ ፍጥነት ሲራመድ ግርማው ይጠፋል፤ ብዙ ሰው የድሮ ፊልም ሁሉ የሚያስቅ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ኬቨን ብራውንሎ የተባለው እንግሊዛዊ መልሶ ያሰባሰበውን ቅጂ ይፈልጉ። ይህ ሰው ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1950ዎቹ፣ ለቤት መመልከቻ የተዘጋጁ የፊልሙን ቁራጮች አግኝቶ የተቀሩትን ፍለጋ ሕይወቱን ሙሉ ሠርቷል። ለዚያ ቅጂ ካርል ዴቪስ ያዘጋጀው የኦርኬስትራ ሙዚቃ በ1980 ለንደን ውስጥ ተሰማ፤ በዲጂታል ታድሶ በ2016 የወጣው ደግሞ 5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይረዝማል። ሙዚቃው ከቤትሆቨን ሦስተኛ ሲምፎኒ ብዙ ወስዷል። ሕዝቡ «ላ ማርሴዬዝ» የተሰኘውን የፈረንሳይ መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲማር የሚያሳየውን ክፍል በዚህ ሙዚቃ ያየ ሰው፣ በአዳራሹ የተሞላው ሕዝብ ድምፅ በጆሮው የገባ ያህል ይሰማዋል፤ እኔ በበኩሌ ከዚያ የሚበልጥ የመዝሙር ትዕይንት በድምፅ ፊልም እንኳ አላየሁም።

ከፋፍሎ ማየት አይጎዳውም፤ ይህ ቅጂ ራሱ በአራት ክፍል የተዘጋጀ ነውና እረፍታችሁ በእነዚያ መካከል ይሁን። ጥንቃቄ የሚሻው መጨረሻው ነው። ናፖሊዮን በ1796 ወደ ጣልያን ሲዘምት ምስሉ በድንገት በሦስት ሸራ ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ ስፋቱ የቁመቱን አራት እጥፍ ይሆናል። ተራ ፕሮጀክተር ግን ይህን ትዕይንት ያሳንሰዋል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን በግድግዳው ላይ 4 ሜትር ከሰፋ፣ እስከዚያ 3 ሜትር በ2.25 ሜትር ሆኖ ሲታይ የነበረው ፊልም በዚህ ጊዜ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል፤ ሊያገዝፍ የታሰበው ትዕይንት ቀጭን መቀነት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ይምረጡ፤ ከዚያ ትዕይንት በፊትም ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት። ከላይና ከታች የሚተርፈው ጥቁር ስለሆነ ጣሪያውና ወለሉ ላይ ቢያርፍ ምንም አይደለም።

መልስ፣ ከዘጌ

ስለ ቋንቋው ልጨምር። በምስሎቹ መካከል የሚገባውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ አንድ ድምፀ መልካም ሰው ቢያነብላችሁ መልካም ነው። ይህ ለፊልሙ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጃፓን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከሸራው አጠገብ ቆመው ለድምፅ አልባ ፊልሞች ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ አንዳንዶቹም ከተዋናዮቹ በላይ ዝነኞች ነበሩ። እኛም ብንሆን ለዚህ ባዳ አይደለንም። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የሚያስጎበኙ አባት በዘንጋቸው እያመለከቱ ሲተርኩ፣ ሥዕሉ እንደሚናገር ሆኖ የሚሰማን በእርሳቸው አንደበት ነው። አንባቢው ግን ጽሑፉን ብቻ ያንብብ፤ ምስሉን ማብራራት ከጀመረ ተመልካቹ ማየቱን ይተዋል።

የትወናውን ነገር በተመለከተ፣ ጓደኞችዎ የአንዳንዶቹን ተዋናዮች እጅና ፊት ሲያዩ «በዛ» ማለታቸው አይቀርም። እንግዲያው አልበርት ዲዩዶኔን ይመልከቱ። ናፖሊዮንን ሆኖ የሚጫወተው ይህ ሰው ሁሉም በሚጮኽበት አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ዓይኑ ብቻ ይሠራል። ናፖሊዮን በልጅነቱ በተማረበት ትምህርት ቤት በሚደረገው የበረዶ ውጊያ ላይም ካሜራው እንደ አንዱ ተዋጊ ልጅ መካከላቸው ይገባል። ይህን ያየ ወጣት ፊልሙ የመቶ ዓመት ሽማግሌ መሆኑን ይረሳል።

መልስ፣ ከእንጅባራ

እስካሁን የተሰጡት ምክሮች ሁሉ ፊልሙ ኃይሉን እንዲያገኝ የሚረዱ ናቸው፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ኃይሉ ወዴት እንደሚገፋም መታየት አለበት። ጋንስ ናፖሊዮንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ንስር የሚከተለው፣ ዕጣው የተጻፈለት ሰው አድርጎ ነው ያቀረበው። ታሪኩ በ1796 ስለሚቆም፣ ይኸው ሰው በ1802 በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን በሕግ መመለሱንና በ1804 ዘውድ መጫኑን ተመልካቹ አያይም። በጀግኖች ታሪክ ያደግን ሰዎች በዚህ ቶሎ እንማረካለን፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለት ዓመታት ለጓደኞችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ፊልሙ ራሱም ለዚህ በር ከፍቷል። ወደ ጣልያን ከመዝመቱ በፊት ናፖሊዮን ባዶ ወደ ሆነው የምክር ቤት አዳራሽ ብቻውን ይገባል፤ የዳንተን፣ የሮብስፒየርና የሌሎቹ የፈረንሳይ አብዮት ሙታን መሪዎች ጥላዎች ተነሥተው አብዮቱን አደራ ይሰጡታል፤ አደራውን ቢረሳ ደግሞ እንደሚነሡበት ያስጠነቅቁታል። ሦስቱ ሸራዎች የሚከፈቱት ከዚህ በኋላ ነው። ፕሮጀክተሩን የምታንቀሳቅሱበትን ጊዜ ይህ ትዕይንት እንዳለቀ ብታደርጉትና አንባቢያችሁ የሙታኑን ቃል ሳይቸኩል ቢያነበው፣ ለመነጋገር የሚበቃ ፋታ ታገኛላችሁ።