«ለራሱ ደኅንነት ሲባል»

የሰሚት ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ አንድ የቀድሞ የማረሚያ ቤት ኃላፊ «እስረኛ ለብቻው የሚቀመጠው ለራሱ ደኅንነት ሲባል ነው፤ ቁጥጥርም አለ» ሲሉ ሰማሁ። ተቆጣጣሪው ማን ነው? ያው በሩን የቆለፈው?

የቀድሞ ዘብ፦ ጠባቂ ነበርኩ። ሌሊት ሁለት ሆነን አንድ ሙሉ ዞን እንጠብቃለን። ሁለት እስረኞች በምላጭ ቢፈላለጉ አንዱን የት ላስገባው? ቤቴ ልውሰደው?

መዝገቡ፦ መለየቱን ማን ተቃወመ? የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ በ2008 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ እንኳን ጨርሶ አልከለከለም። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው መለየትን ለብቻ ማሰር ይለዋል፤ ከ15 ተከታታይ ቀን አይለፍ፣ ገለልተኛ አካል ይመርምረው፣ የጤና ባለሙያ በየቀኑ ይየው ይላል። «ለራሱ ደኅንነት» የገባው ሰው ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው? የተጻፈበትን አሳዩን።

የቀድሞ ዘብ፦ ማንዴላ 27 ዓመት ታሰሩ እንጂ አንድ ሌሊት ዘብ አልቆሙም።

የሰሚት ልጅ፦ ታዲያ ለብቻ መታሰርን ከእርስዎ ይልቅ እሳቸው አያውቁትም?

አስካለ፦ ወንድሜ ታስሮ ሳለ፣ የት እንደነበር ይቅር፣ እናቴ ያደረሰችው ስንቅ እንዳለ ተመለሰ። «ዛሬ አይገባም።» በማግስቱም እንዲሁ። በዘጠነኛው ቀን ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲወጣ እልል አለች፤ ጎረቤት የተፈታ መስሎት መጣ። በሕይወት መኖሩን የነገረን ምሳ ዕቃው ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ይጎብኘው ይላል። «ለራሱ ደኅንነት» ከሆነ እናቴ ምላጭ ይዛ ነበር?

ተስፋ፦ ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ተዘግቷል። የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በአዋጅ 1224/2012 ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መግባት ይችላል። መቼ ነው የምትረኩት?

መዝገቡ፦ ማዕከላዊ ውስጥ እኮ «ጨለማ ቤት»ም «ሳይቤሪያ»ም «ሸራተን»ም የሚባል ክፍል ነበር፤ ስም አልቸገረንም። ኮሚሽኑ ምክረ ሐሳብ ይጽፋል፤ ቁልፉ ከሌላ ሰው ኪስ ነው። የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን በ1986 ተቀብለን፣ ለዓለም አቀፍ ጎብኚዎች በር የሚከፍተውን ፕሮቶኮል ግን ትተነዋል።

ተስፋ፦ የውጭ ሰው መጥቶ ይቁጠረን ነው የምትለው? ይህቺ ነበረች የቀረችህ!

የቀድሞ ዘብ፦ ደግሞ «እስር ቤት» አትበሉ፤ ማረሚያ ቤት ነው።

የሰሚት ልጅ፦ ቃሉን ካረሙልን ሰውየውን ቀስ ብለው ያርሙታል።

የቀድሞ ዘብ፦ ቀልዱ። ባልደረባዬ ጠብ ሲገላግል እጁን የተቆረጠው በዚህ «ቃል» ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት ተረኛ ሁኑና እንነጋገር።

አስካለ፦ እኔ እመጣለሁ፣ ጋሼ። ምሳ ዕቃዬን ግን ያስገቡልኛል?

የቀድሞ ዘብ፦ ተፈትሾ።