የጣቢያው ቡና ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ክርክር ከአዳማ

የጣቢያ ሰፈር ነዋሪ፦ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡና ቤት ፈርሶ ባለብዙ ፎቅ ሆቴል ሊሠራበት መታሰቡን ስለሰማን፣ እንዳይፈርስ የሚጠይቅ ፊርማ እያሰባሰብን ነው። አዳማን ከተማ ያደረጋት ሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከዋና ከተማው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ይህች ስፍራ የመንገደኛ ማረፊያ ሆነች፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ በአካባቢው የደመወዝተኛው ቁጥር ጨመረ። ያ ሰፊ በረንዳ፣ ያ የእንጨት ባንኮኒ፣ ያ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። አዲሱ የባቡር መስመር በሌላ በኩል ካለፈ ወዲህ፣ ልጆቻችን ከተማቸው ከምን እንደተነሣች የሚያዩበት ብዙ ነገር አልቀረም።

የሆቴል ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ፍቅርህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አዳማ ዛሬ የምትኖረው በስብሰባና በእንግዳ ነው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ ለስልጠናና ለጉባኤ የሚመጣው ሰው አልጋ ይፈልጋል፤ አልጋው ደግሞ ለአስተናጋጁ፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛውና ለአትክልት አቅራቢው እንጀራ ነው። የምትሟገትለት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ምስጥ የበላውን ምሰሶ ማን ይጠግነዋል? በየትኛው ገንዘብ?

በቡና ቤቱ የሠራች እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ በዚያ ባንኮኒ ጀርባ ዓመታት ቆሜአለሁ። ቤቱ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ ሆኖም ስለ ደስታው ብቻ እየተነገረ እንዲቆይ አልፈልግም። ከገጠር መጥተን ያለ ውል፣ ያለ ዕረፍት፣ በጉርሻ ብቻ የኖርን ሴቶች ነበርን፤ የሰከረ ሰው ሲመታን የሚከላከልልን አልነበረም። ታሪክ ነው ካላችሁ የእኛንም ጨምራችሁ ጻፉ።

የጣቢያ ሰፈር ነዋሪ፦ እማማ፣ ትክክል ነዎት፤ በማመልከቻችን ላይ ይህ አለመጠቀሱ ጉድለታችን ነው፣ እናስተካክለዋለን። ወደ ጥገናው ጥያቄ ልመለስ። ሆቴልና ቅርስ የግድ ጠላት አይደሉም፦ በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ከተጎዳ በኋላ ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል። እዚህም በረንዳውና አዳራሹ የሆቴሉ መግቢያና ካፌ ሆነው ቢቆዩ፣ ፎቁ ከጓሮ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቢነሣ፣ ባለሀብቱ ሌላ ሆቴል የሌለውን መለያ ያገኛል፤ የጥገናው ወጪም ከግንባታው ወጪ ጋር ይታሰባል።

የሆቴል ባለሙያ፦ ባለሀብቱ እሺ ካላለስ? ልመና እንጂ መብት በእጃችሁ ያለ አይመስለኝም።

የጣቢያ ሰፈር ነዋሪ፦ ደካማው ጎናችን ይህ መሆኑን አምናለሁ። ቤቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሶ በቀበሌ እጅ የገባ በመሆኑ፣ ውሳኔው በአንድ ባለቤት ፈቃድ ላይ ሳይሆን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ፋይል ላይ የተንጠለጠለ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደ ቤትና ሕንፃ ላሉ ቋሚ ቅርሶችም ጥበቃ ይሰጣል፤ ሆኖም ማንም ያላጠናውን፣ መዝገብ ላይ ያልሰፈረውን ቤት በአዋጁ ስም ተከራክሮ ማዳን እጅግ ከባድ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ ብዙዎቻችን የጮኽነው ዶዘሩ ከገባ በኋላ ነበር። ስለዚህ ፊርማው ብቻውን አይበቃም፤ የሊዝ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቤቱ ተለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የእማማና የጓደኞቻቸው ቃል ተቀድቶ፣ ለቅርስነት ይመዝገብ የሚል ጥያቄ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መግባት አለበት። መሐንዲስ የሆናችሁ የሰፈራችን ልጆች ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ እንገናኝ።

በቡና ቤቱ የሠራች እናት፦ እመጣለሁ። ከእኔ ጋር የሠሩ ሦስት ሴቶች አሁንም በሕይወት አሉ፤ እነሱንም ይዣቸው እመጣለሁ።